አንዱ በአንድ ቢራ፣ ሌላው በስድስት

በእኛ ቤተሰብ መጠጥ ላይ ሁለት ጫፍ አለ። አንደኛው ጫፍ አጎቴ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ይቀመጣል፣ እስከ 5 ሰዓት ይጠጣል። ድምፁ አይቀየርም። ሒሳብ አይሳሳትም። ሲነሳም ወንበሩን አስተካክሎ ነው የሚሄደው። ሌላኛዋ ጫፍ እህቴ ናት። ግማሽ ብርሌ ጠጅ ስትጠጣ ጉንጯ ይግላል፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ትንሽ ቆይታ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። ስለ አጎቴ ሲወራ "እሱማ ይችላል!" ይባላል፣ በአድናቆት። ስለ እህቴ ሲወራ ግን "ገና አልለመደችም" ነው። ጉድለት ያለባት ይመስል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት በሩን ስንከፍት የመጀመሪያው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱን ይዞ ነው የሚገባው። ፓራሲታሞል ይጠይቃል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይጠይቃል፣ ኦአርኤስ ይጠይቃል። ከዚያ እሮሮው ይመጣል። "እኩል ጠጥተን እሱ ሥራ ገባ፣ እኔ ሞትኩ። ምን ዓይነት ነገር ነው?"

ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ግን ጊዜ አለን።

ከሆድ እንጀምር። መጠጥ እንደ እህል መፈጨት አያስፈልገውም፤ እንዳለ ነው ወደ ደም የሚገባው። ወደ 20 በመቶ የሚሆነው ከጨጓራ ይገባል፣ የቀረው ከትንሹ አንጀት። ትንሹ አንጀት ሰፊና ፈጣን ነው። ስለዚህ ወሳኙ ነገር መጠጡ እዚያ እስኪደርስ ጨጓራ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ጨጓራ ምግብ ካለበት መውጫውን ጠበብ አድርጎ ቀስ እያለ ያሳልፋል። ባዶ ከሆነ ግን ቶሎ ይለቀዋል።

"ጮማ የበላ ሰው አይሰክርም" የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ጮማው አልኮሉን መጦ አያስቀረውም። የሚያደርገው ማዘግየት ነው። ሲዘገይ ጉበት ጊዜ ያገኛል፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠንም ዝቅ ይላል። የበላ ሰው ጉበት ደግሞ ካልበላው ሰው ጉበት ትንሽ ፈጠን ብሎ ይሠራል። ለዚህ ቁርጥ መሆን የለበትም፤ ሽሮም በእንጀራ ያው ነው።

የፋሲካ ሌሊት ላይ ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አክፍሎት የያዘ ሰው ከዓርብ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ቆይቷል። ከቅዳሴ ሲመለስ ሰው በደስታ መለኪያ አረቄ ይዞ ይጠብቀዋል። በባዶ ሆድ፣ በደከመ ሰውነት፣ ከ40 በመቶ በላይ ሊሆን የሚችል መጠጥ። እናቴ ለአክፋይ መጀመሪያ የምታቀርበው ተልባ ነው። አልኮልን ሰውነት ውስጥ ስለሚቀይሩት ፕሮቲኖች፣ ስለ ኢንዛይሞች፣ አንብባ አታውቅም፣ ግን አረቄውን ዶሮው እስኪቀርብ ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች።

ቀጥሎ ውሃ አለ። አልኮል ከውሃ ጋር ይስማማል፣ ከስብ ጋር አይስማማም። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ውሃ ባለበት የሰውነት ክፍል ሁሉ ይሰራጫል። ውሃው ከበዛ ይቀጥናል፣ ካነሰ ይወፍራል። ጡንቻ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ስብ ትንሽ። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ውሃ አላቸው። ዕድሜ ሲገፋም ውሃው ይቀንሳል። አንድ ጡረታ የወጡ ደንበኛዬ "ልጄ፣ ድሮ አራት ጠጥቼ ምንም አልሆንም ነበር፤ ቢራውን ምን ጨመሩበት?" አሉኝ። ምንም አልጨመሩበትም ጋሼ። የቀነሰው እርስዎ ጋ ነው።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠው ኤሪክ ዊድማርክ የሚባል ስዊድናዊ ነው። መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ ቀመሩ ዛሬም ፍርድ ቤት ድረስ ይሠራበታል። የተጠጣውን አልኮል በግራም ይዘህ ለሰውየው ክብደት ታካፍላለህ። የወጣውን ደግሞ ለወንድ ከሆነ ለ0.68፣ ለሴት ከሆነ ለ0.55 ታካፍላለህ።

እስቲ እንሥራው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ባልና ሚስት ሠርግ ተጠርተው ሦስት ሦስት ጠርሙስ ጠጡ እንበል። እሱ 70 ኪሎ ነው፣ እሷ 55። ሁለቱም 39 ግራም ወሰዱ። በቀመሩ መሠረት የእሱ ደም ውስጥ በሺህ 0.82 (በሺህ ግራም ደም 0.82 ግራም አልኮል ማለት ነው) ይደርሳል፣ የእሷ በሺህ 1.29። ጉበት በአማካይ በሰዓት 0.15 ያህል ያነሳል። ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ ከእያንዳንዳቸው 0.45 ወጣ ማለት ነው። እሱ ላይ 0.37 ቀረ፣ እሷ ላይ 0.84። ከእጥፍ በላይ።

እኩል ነው የጠጡት። "ሴት ልጅ መጠጥ አትችልም" የሚሉ ሰዎች ይህንን የጠባይ ጉዳይ ያደርጉታል። ጉዳዩ የማካፈል ነው። ያውም ጨጓራ ውስጥ አልኮሉን ገና ደም ሳይገባ የሚቀንስ ጥቂት ኢንዛይም አለ፤ አንዳንድ ጥናቶች ሴቶች ላይ አነስ ብሎ አግኝተውታል። እሱን ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።

አሁን ወደ ጉበት እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም አልኮሉን ወደ አሴታልዲሃይድ ይቀይረዋል። አሴታልዲሃይድ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ፊት የሚያቀላው፣ ልብ የሚያስመታው፣ የሚያቅለሸልሸው በአብዛኛው እሱ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ኢንዛይም፣ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጅኔዝ፣ ይረከብና ወደ አሴቴት ይቀይረዋል። አሴቴት መጨረሻ ላይ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የአብዛኞቻችን ጉበት ሁለተኛውን ሥራ ቶሎ ስለሚጨርሰው መርዙ ብዙ አይጠራቀምም።

እነዚህ ኢንዛይሞች ለቢራ ተብለው የመጡ አይደሉም። ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የእኛ፣ የቺምፓንዚና የጎሪላ የጋራ ቅድመ አያት ላይ አንደኛው ኢንዛይም ተለውጦ አልኮል የማቃጠል ዐቅሙ 40 እጥፍ ያህል ጨምሯል። ተመራማሪዎች ይህን ከዛፍ ወርዶ፣ መሬት ላይ ወድቆ የፈላ ፍሬ ከመብላት ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አልቀረም። የመጀመሪያው ኢንዛይም ፈጣን የሆነ ዓይነት አለው፤ ምሥራቅ እስያ ውስጥ በብዛት ይገኛል። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚታይ ሌላ ፈጣን ዓይነትም አለ። ሁለቱም ሰውየውን ከሱስ በመጠኑ ይከላከሉታል።

ልዩነቱን በዓይን ማየት የፈለገ ግን ሁለተኛውን ኢንዛይም ይመልከት። ታናሽ ወንድሜ መንገድ ሥራ ላይ ነው። አንድ ሥራ ሲያልቅ በተደረገ ግብዣ ላይ አብሮት ለሚሠራ ቻይናዊ ኢንጂነር ቢራ ቀዱለት። ግማሹን ሳይጨርስ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ዓይኑ ደም መሰለ። የእኛ ልጆች ሳቁበት። "አይዞህ፣ ድገም!" አሉት። "በሞቴ" ማለትን ያን ቀን ነው የተማረው። ለአክብሮት ብሎ ሁለተኛውን ጠጣና ምሽቱን በሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ አሳለፈ።

የዚያ ሰው ሁለተኛ ኢንዛይም ከተሠራባቸው ጡቦች፣ ከአሚኖ አሲዶቹ፣ አንዱ ብቻ ተቀይሮበት ሳይሆን አይቀርም። ግሉታሜት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ላይሲን ይገባል፣ ኢንዛይሙ ሽባ ይሆናል። ከምሥራቅ እስያ ሰዎች ሲሶው ገደማ ይህ ለውጥ አለባቸው፤ በዓለም ላይ ወደ 540 ሚሊዮን ሰው ይገመታል። እነሱ ሲጠጡ የመጀመሪያው ደረጃ ይሠራል፣ ሁለተኛው ይቆማል፣ መርዙ ይጠራቀማል። ቅላቱ የዚያ ምልክት ነው። ይህን ዘረመል ይዞ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ላይ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የመከሰት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አንዳንዶች ከመጠጣታቸው በፊት የጨጓራ መድኃኒት ውጠው ቅላቱን ይደብቁታል። መርዙ ግን ያው እዚያው ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእህቴ ጉንጭ መጋል በሌላ ነው። ምናልባት የፈላ መጠጥ ውስጥ ያለው ሂስታሚን አይስማማት ይሆናል፣ ምናልባት ቀጭን ስለሆነችና በባዶ ሆዷ ስለምትጠጣ ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ሰውነቷ "በቃኝ" ይላል፣ እሷም ትሰማዋለች። ሠርግ ላይ "በሞቴ፣ አንድ ብቻ!" የሚላት ዘመድ ግን አይሰማም። እኔ ይህ ልማዳችን አይዋጥልኝም። ቅባት የማይስማማውን ሰው ክትፎ ብላ ብለን አንሟገተውም። መጠጥ ላይ ሲሆን ግን የሰው ጉበት የእኛ ጉዳይ ይሆናል።

አሁን አጎቴ ጋ ደረስን። እሱ የሚችለው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጉበቱ ለምዷል። አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ጉበት ተጨማሪ ኢንዛይም ያሰማራል፤ ሲዋይፒ ቱ ኢ ዋን ይባላል። ሌላ ሰው በሰዓት 0.15 ሲያነሳ፣ እንዲህ ዓይነቱ ሰው 0.25 እና ከዚያ በላይ ሊያነሳ ይችላል። ጉበቱ ሲጎዳ ይህ ፍጥነት ይወርዳል። ለዓመታት "ይችል" የነበረ ሰው በአንድ ወቅት በሁለት ቢራ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ያ ዕረፍት የፈለገ ሰውነት ነው ብዬ አላልፈውም። ሐኪም ይየው እላለሁ።

ሁለተኛ፣ አንጎሉ ለምዷል። ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሌላውን ሰው መሬት የሚያስተኛ ሆኖ እሱ ቀጥ ብሎ ያወራል። ደሙ ቢለካ ግን የእሱም ሰካራም ነው። ጉበቱ፣ ልቡና ቆሽቱ የሚያዩት ደሙን ነው እንጂ አረማመዱን አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊትም የነበረ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ሹኪት ሳን ዲዬጎ ውስጥ 20 ዓመት አካባቢ የሆኑ ወጣቶችን አልኮል አጠጥቶ ምን ያህል እንደሚሰማቸው ለካ። ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ ወደ እነሱ ተመለሰ። አባቶቻቸው የመጠጥ ሱሰኛ ከሆኑት መካከል፣ በወጣትነታቸው መጠጡ ብዙም ካልተሰማቸው 56 በመቶው ራሳቸው ሱሰኛ ሆነው አገኛቸው። በደንብ ከተሰማቸው ግን 14 በመቶው ብቻ።

ይህን ቁጥር ሳይ የሚታየኝ የእኛ የምርቃት ጠረጴዛ ነው። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ቢራ ጠጥቶ ምንም ሳይሆን ሲነሳ ይጨበጨብለታል። "የአባቱ ልጅ!" ይባላል። ሁለተኛው ልጅ በሁለት ቢራ አስመልሶ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። እኔ ብጠየቅ የምሰጋው ለተጨበጨበለት ነው። ምልክት የማይሰጠው ሰው በምን ያቆማል?

አጎቴ ማታ ከመተኛቱ በፊት "ለነገ" እያለ ሁለት ፓራሲታሞል የመዋጥ ልማድ አለው። ይኼ ያሰጋኛል። ያው ተጨማሪ ኢንዛይም የፓራሲታሞልን ጥቂት ክፍል ጉበት ወደሚጎዳ ነገር ይቀይረዋል። ለጤነኛ ሰው በቀን እስከ 4 ግራም ይፈቀዳል፤ ብዙ ለሚጠጣ ግን ብዙ ሐኪሞች ከ2 ግራም እንዳያልፍ ይመክራሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ ብቻውን ጉበት ሊያቃጥል ይችላል፤ መጠጥ ሲጨመርበት አደጋው ያድጋል። እዚህ ላይ "ትንሽስ?" የሚል ድርድር አልገባም።

ባንኮኒው ላይ በብዛት የሚመጣው ግን የሜትሮኒዳዞል ጥያቄ ነው። አሜባ ወይም ጃርዲያ ያልያዘው ሰው ሰፈራችን ውስጥ ስንት አለ? ማዘዣውን ይሰጡኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፤ ዓርብ ባቆመውስ?" የድሮው ትምህርት መድኃኒቱ ሁለተኛውን ኢንዛይም ያግዳል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ የተደረገ አነስተኛ ሙከራ ግን የአሴታልዲሃይድ ጭማሪ አላገኘም፤ ክርክሩ አሁንም አለ። ማሸጊያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ግን አልተነሳም። እኔም መድኃኒቱን እስክትጨርስና ከዚያ በኋላም እስከ ሦስት ቀን ድረስ ተወው ነው የምለው። በተለይ መድኃኒቱን ለሠርግ ብሎ ማቋረጥ ጃርዲያውን ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ያ የድሮ ፍርሃት የመጣው ከሌላ መድኃኒት ነው፤ ከዳይሰልፊራም። የእሱ ታሪክ ደስ ይለኛል። ኮፐንሃገን ውስጥ ኤሪክ ያኮብሰንና የንስ ሃልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሆድ ትል መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። እኛ ኮሶ ያልንለትን ችግር መሆኑ ነው። ክኒኑን በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ምንም አልሆኑም፤ መጠጥ እስኪቀምሱ ድረስ። ሲቀምሱ ግን ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው መታ፣ ታመሙ። ክኒኑ ሁለተኛውን ኢንዛይም ዘግቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ግኝታቸውን አሳተሙ፣ ክኒኑም ለትል ሳይሆን መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች መድኃኒት ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ ያ ቻይናዊ ኢንጂነር በተፈጥሮ ያገኘውን ነገር በክኒን ሠሩት።

ስለ አረቄም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ያው የመጀመሪያው ኢንዛይም እዚያም አለበት። ሜታኖል የሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት የተቀላቀለበት መጠጥ ሲጠጣ ጉበት ለይቶ አያውቀውም። በተለመደው መንገድ ይሠራበታል፤ የሚወጣው ግን መጨረሻ ላይ ፎርሚክ አሲድ ነው። እሱ የዓይን ነርቭ ይመታል። ተንኮሉ መዘግየቱ ነው፤ ሰውየው ደህና አድሮ ከ12 ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ሌላ መድኃኒት ከሌለ ንጹሕ አልኮል በሐኪም ቁጥጥር ይሰጠዋል። ኢንዛይሙ አልኮሉን ስለሚያስቀድም ሜታኖሉ ሳይቀየር በኩላሊት የመውጣት ጊዜ ያገኛል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መጠጥ ጠጥቶ በማግስቱ "ጭጋግ ይታየኛል" የሚል ሰው የዓይን ጠብታ አይገዛ። ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሰኞ ጠዋት መጣ። እሑድ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ ጠጥቷል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናውን ሊያወጣ ነው፣ ቡና ጠጥቻለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤአለሁ አለኝ። አብረን ሠራነው። 70 ኪሎ ነው። 78 ግራም፣ በሺህ 1.64፣ በሰዓት 0.15። ወደ 11 ሰዓት ይፈጃል። የጀመረው 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ደሙ የሚጠራው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው።

"ታዲያ ቡናው?" አለኝ።

ቡና እንቅልፉን ያባርራል። የጉበቱን ሥራ ግን አያፋጥንም። ጉበት ላይ ያለው ነገር እሱ ራሱ በየቀኑ የሚያውቀው የታክሲ ሰልፍ ነው። ሰልፉ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ በሰዓት የሚመጣው መኪና ቁጥሩ ያው ነው። ኢንዛይሙ ሙሉ ለሙሉ ስለሚያዝ ሰው ቢንጫጫም ፍጥነቱ አይጨምርም። ሻወር፣ ሎሚ፣ ቅቤ፣ ላብ ማውጣት፣ ሁሉም ሰልፉን አይነኩትም።

ትንሽ አሰበና በጣቱ ቆጠረ። "ስለዚህ ሦስት ብቻ ብጠጣ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ አልቆ ነበር።" ትክክል ነው፤ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚፈጀው። ግን ይህ አማካይ መሆኑን፣ የእሱ ጉበት ከአማካዩ ሊዘገይ እንደሚችል ነገርኩት። አሁን ሰኞ ሰኞ ተራውን ቀይሮ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ተራ አስከባሪው እናቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ነው የሚመስለው።